ደሴ ላይ የስካውት የክብር መታጠቂያ ማሠራት፦ ስፌት፣ ጥልፍ፣ ሕትመት ወይስ ሽመና?

ፍርዱ ይቅደም፣ ዝርዝሩ ይከተላል። ለስካውት የክብር ማኅበር ሥነ ሥርዓት የሚሆን፣ ከትከሻ ወደ ዳሌ በሰያፍ የሚወርድ መታጠቂያ ደሴ ላይ ደህና አድርጎ ማሠራት ይቻላል። ጥሩው ሥራ የሚወጣው ግን ሰው መጀመሪያ ከሚሮጥበት ከኮምፒውተር ጥልፍ ቤት ሳይሆን ቀዩን ጨርቅ ቆርጦ ነጩ ላይ ደርቦ በዚግዛግ ከሚሰፋ ልብስ ሰፊ እጅ ነው። ሸማኔ ለአንድ ሥራ ብቻ ከሁሉም ይበልጣል፤ ወደ በኋላ እንመጣበታለን። ሕትመት ለመታጠቂያ አይሆንም።

የስካውት ክበቦች ለናሙና ይዘው የሚመጡት ከስልክ ላይ የተገኘ ፎቶ ነው፤ ፎቶው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የአሜሪካኖቹ ነው። ኦርደር ኦፍ ዘ አሮው፣ በእኛ አፍ የፍላጻ ማኅበር፣ ጓዶቻቸው የመረጧቸው የአሜሪካ ስካውቶች የክብር ማኅበር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1915 በደላዌር ወንዝ ላይ በምትገኝ ትሬዠር አይላንድ የምትባል የስካውት ካምፕ ውስጥ ተመሠረተ። ያቋቋሙት ኡርነር ጉድማንና ካሮል ኤድሰን ናቸው። የአሜሪካ ቦይ ስካውት ይፋዊ ፕሮግራም የሆነው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። መታጠቂያው ነጭ ሆኖ ቀይ ፍላጻ አለበት። ከቀኝ ትከሻ ወደ ግራ ዳሌ በሰያፍ ይወርዳል፤ የፍላጻው ጫፍ ወደ ቀኝ ትከሻ ያያል። የመጀመሪያው ደረጃ፣ የፈተና የሚባለው፣ ፍላጻ ብቻ ነው ያለው። በሁለተኛው፣ በወንድማማችነት፣ በፍላጻው ላይና ታች አንድ አንድ ቀይ አግዳሚ መስመር ይጨመራል። በሦስተኛው፣ በንቃት ደረጃ፣ ፍላጻው መሐል ላይ ሦስት ማዕዘን ይገባል፤ በውስጡም ሦስት ትናንሽ ፍላጻዎች አሉ።

ይህን እንዳለ መገልበጥ አይገባም። ፍላጻው የአንድ ሌላ ድርጅት መለያ ነው፤ እዚህ የታጠቀው ልጅ ያልሆነውን ነኝ ማለት ይሆንበታል። የሚወሰደው ሐሳቡ ነው፤ ነጭ መደብ፣ አንድ ቀይ ምልክት፣ ደረጃው ሲያድግ የሚጨመር መስመር። ምልክቱን ክበቡ ራሱ ይሳለው። በአንድ መቀስ ጉዞ ተቆርጦ የሚወጣ ቅርጽ ይሁን። የጦሳ ተራራን ከነዛፉና ከነደመናው በ10 ሴንቲሜትር ጨርቅ ላይ ላስቀምጥ የሚል ሰው የሚያገኘው ቀይ እብጠት ነው።

ፒያሳም ሆነ አራዳ ያለ ሰፊ ዘንድ ገብታችሁ «በትከሻ የሚወርድ» ስትሉ ሰፊው የሚያስበው የምርቃት ሪባን ነው። አይፈረድበትም፤ ሰኔ በመጣ ቁጥር የሚሰፋው እሱን ነው። በአንገት ዞሮ ደረት ላይ በሁለት ወገን የሚንጠለጠል፣ የሚያብረቀርቅ ሳቲን፣ በወርቅማ ቀለም ስም የተጻፈበት። የእናንተ ግን በአንድ ትከሻ የሚያዝ፣ ዳሌ ላይ የሚገጥም፣ የማያብረቀርቅ ጥጥ ነው። ስለዚህ በቃል አትዘዙ። ከጋዜጣ ወረቀት በትክክለኛው ልክ የተቆረጠ ናሙና ይዛችሁ ሂዱ፣ ሰው ትከሻ ላይ አድርጋችሁ አሳዩ። ይህች ወረቀት ከረጅም ማብራሪያ በላይ ታግባባለች።

ልኩ እንዲህ ነው። ያለቀ ወርድ 10 ሴንቲሜትር። ጨርቁ ታጥፎ ሁለት ድርብ ስለሚሆን የሚቆረጠው 22 ሴንቲሜትር ነው፤ 10 ለፊት፣ 10 ለኋላ፣ በየጠርዙ 1 ለስፌት። ርዝመቱ ዩኒፎርም ለብሶ ከቀኝ ትከሻ አናት በደረት በኩል ወደ ግራ ዳሌ አጥንት፣ ከዚያ በጀርባ ተመልሶ እስከ ትከሻ የሚለካው ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ የተለየ ልክ ማውጣት አያስፈልግም፤ 150፣ 165 እና 180 ሴንቲሜትር የሆኑ ሦስት መጠኖች ከልጅ እስከ አዋቂ መሪ ይበቃሉ። ወርዱ 150 ሴንቲሜትር ከሆነ ጣቃ በአንድ ቁመት 6 መታጠቂያ ይወጣል፤ የሚተርፈው 18 ሴንቲሜትር መሞከሪያና መጠገኛ ይሆናል። ለትልቁ መጠን ስፌቱንና መኮማተሩን ጨምሮ በየቁመቱ 1.95 ሜትር ግዙ። ለ24 ሰው 8 ሜትር ማለት ነው። የሚቆረጠው በጨርቁ ቁመት፣ በድሩ አቅጣጫ ይሁን። ድር ከማግ ያነሰ ይሳባል። በወርዱ የተቆረጠ መታጠቂያ ከጥቂት ወራት በኋላ ዳሌን አልፎ ጭን ላይ ይደርሳል።

የጨርቁ ምርጫ ከስፌቱ ያላነሰ ነገር ነው። ቴትሮን፣ ፖሊስተር የተቀላቀለበት ጨርቅ፣ ርካሽ ነው፣ አይጨማደድም፣ ግን ስስ ስለሆነ ከስሩ ያለውን ወደ ላይ ያሳያል። ከዚህ በላይ የሚያስፈራው እሳት ነው። ሥነ ሥርዓቱ በእሳት ዙሪያ ከሆነ ፖሊስተር የበዛበት ጨርቅ ላይ ፍንጣሪ ሲያርፍ ጨርቁ ይቀልጣል፤ የቀለጠው ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ጥጥ ላይ ሲያርፍ አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ቀዳዳ ትቶ ይጠፋል። አቡጀዲ ጥጥ ነው፣ ግን ቢጫ ይመታል፣ ሲታጠብም ክፉኛ ይኮማተራል። የሚመከረው ነጭ የጥጥ ካኪ ነው፤ ጠንከር ያለ፣ ሽመናው በሰያፍ የሚሄደው ዓይነት። ኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ ከተማ ናትና ጣቃ ፍለጋ እዚያ ወርዶ ማየት አይከፋም። ብቻ የጣቃውን ጫፍ አንድ ክር መዝዛችሁ በክብሪት አቃጥሉት። ጥጥ እንደ ወረቀት ሸትቶ አመድ ይሆናል፤ ፖሊስተር ጠቁሮ እንደ ዶቃ ይድቦለቦላል። ሻጩ «ንጹህ ጥጥ ነው» ከማለቱ ይልቅ ክሩ ይታመናል።

ነጩም ቀዩም ከመቆረጣቸው በፊት ይታጠቡ። አለዚያ ተሰፍተው ሲታጠቡ አንዱ ከሌላው ይበልጥ ይኮማተርና ምልክቱ ዙሪያውን ይሸበሸባል። ቀዩ ደግሞ ለብቻው ይፈተን፤ ቁራጩን በሞቀ ውሃና በዱቄት ሳሙና ነክሩት፣ ከነጭ ጨርቅ ጋር አጣብቃችሁ ግማሽ ሰዓት ተዉት። ነጩ ሮዝ ከሆነ ያንን ቀይ መልሱት። ጨው ወይም ኮምጣጤ ቀለም ያስይዛል የሚሉ አሉ፤ ፋብሪካ ላይ በደንብ ያልያዘን ቀለም ቤት ውስጥ ማስያዝ አይቻልም።

አሁን ወደ አሠራሮቹ። ቀዩን ቆርጦ ደርቦ መስፋት ጥንትም የነበረ ነው፤ የአሜሪካኖቹ የድሮ መታጠቂያዎች ፍላጻቸው ከፈልት ተቆርጦ የተሰፋ ነበር። ቀዩ ጨርቅ ከጀርባው በካውያ የሚለጠፍ ሙጫ ያለው ጨርቅ ይደረግበታል። ሁለት ጥቅም አለው፤ ጠርዙ አይተረተርም፣ በስፌት ጊዜም አይንሸራተትም። ቅርጹ በካርቶን ተስሎ ይቆረጥ፤ 24ቱም አንድ ዓይነት የሚሆኑት በካርቶን ብቻ ነው። ከዚያ ይለጠፍና ዙሪያው በዚግዛግ ይሰፋል፦ ወርዱ ከ3 እስከ 4 ሚሊሜትር፣ ርምጃው ግማሽ ሚሊሜትር ያህል፣ መርፌው በአንድ ወገን ቀዩን በሌላ ወገን ነጩን እንዲወጋ። ወደ ውጭ የሾለ ማዕዘን ላይ ሲደረስ መርፌው በውጭ በኩል ጨርቁን እንደወጋ ይቆማል፣ እግሩ ይነሣል፣ ጨርቁ ይዞራል። በውስጥ በኩል ቆሞ የተዞረ ማዕዘን ክፍተት ይተዋል፤ ክሩ ከዚያ ይጀምራል መፈታት። የሰፊውን እጅ ማየት ከፈለጋችሁ ማዕዘኑን ብቻ እዩ።

ይህ ሥራ ቀጥ ብቻ በሚሰፋ አሮጌ ሲንጀር አይሆንም፤ ዚግዛግ ያለው ማሽን መኖሩን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ምልክቱ የሚሰፋው ደግሞ መታጠቂያው ታጥፎ ከመዘጋቱ በፊት፣ በአንዱ ድርብ ላይ ብቻ ነው። እንዲህ ሲሆን የስፌቱ ጀርባ ውስጥ ይቀራል፣ ሸሚዝ አይፈትግም። የሚቸኩል ሰፊ ዘግቶ በሁለቱም ድርብ ላይ ይሰፋዋል። ከፊት ሲያዩት ልዩነት የለውም፤ ሲታጠብ ግን ሁለቱ ድርብ አብረው አይንቀሳቀሱም፣ ይጠማዘዛል። ዳሌ ላይ ያለው መገጣጠሚያ ሌላው መፈተኛ ነው። ሁለቱ ጫፎች ቀጥ ብለው ከተሰፉ መታጠቂያው ዳሌ ላይ ይቆማል እንጂ አይተኛም። የፊቱና የኋላው ጫፍ በሰያፍ ተደራርበው ወደ ታች ሹል መሥራት አለባቸው። ከስፌት ይልቅ ጠቅ የሚል ቁልፍ ሁለት ረድፍ ቢደረግለት ልጁ ሲያድግ 5 ሴንቲሜትር መልቀቅ ይቻላል።

የኮምፒውተር ጥልፍ ያምራል፤ ችግሩ ልኩ ነው። ማሽኑ ጨርቁን የሚይዝበት ፍሬም 30 ሴንቲሜትር ያህል ከሆነ፣ ደረትን ከላይ እስከ ታች የሚሞላ ረጅም ምልክት ሦስት ጊዜ እየተነሣ መታሠር አለበት። በየመገጣጠሚያው አንድ ወይም ሁለት ሚሊሜትር መዛነፍ አይቀርም፤ ቀጥ ያለ ቀይ መስመር ላይ ደግሞ ያቺ መዛነፍ ከሩቅ ትታያለች። ሁለተኛ፣ ዋጋው የሚሰላው በስፌት ብዛት ስለሆነ በክር የተሞላ ሰፊ ምልክት ውድ ነው። ሦስተኛ፣ ወርዱ ከ7 ሚሊሜትር ያለፈን መስመር በአንድ ዝላይ ከዳር ዳር የሚሞላ ጥልፍ ክሩ ይላላል፣ ቁልፍና ጥፍር ይይዘዋል፤ ሰፊ ቦታ በአጫጭር ረድፍ መሞላት አለበት። ይህን የሚወስነው ዲዛይኑን ኮምፒውተር ላይ የሚያስገባው ባለሙያ ነው፣ ማሽኑ አይደለም። ጥቅጥቅ ያለ ሙሌት ከስር በቂ የሚደግፍ ወረቀት ካልገባለት ጨርቁን ይሰበስበዋል፤ ነጭ ላይ ሽብሻቡ በካውያ አይወጣም። ቀዩ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ካያችሁ የታችኛው ክር ወደ ላይ እየተሳበ ነው፤ ይስተካከላል፣ ሥራው ሳይቀጥል ተናገሩ።

ጥልፍ ቤቱን የምንመክረው ለደረት ባጅና ከ10 ሴንቲሜትር ለማያልፍ ምልክት ነው። ለዚያ ማንም አይደርስበትም።

ስለ ሕትመት ረጅም ማውራት አያስፈልግም። በካውያ ፕሬስ የሚለጠፈው ስቲከር በሰያፍ ሽመና ካኪ ላይ ጠርዙ ይነሣል፣ ቤት ውስጥ በቀጥታ ከተተኮሰ ያበቃለታል። ቀለሙን በሙቀት ወደ ጨርቅ የሚያሰርገው ዓይነት የሚይዘው ፖሊስተርን ነው፤ ጥጥ ላይ ታጥቦ ይሄዳል። የስክሪን ሕትመት ይሻላል፣ ግን ቀለሙ በሙቀት በደንብ ካልተጠበሰ በእጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል፤ መታጠቂያ ደግሞ ታጥፎ ነው የሚቀመጠው። ለአንገት ስካርፍ ግን ስክሪን ጥሩ ነው። ስካርፉ ራሱ ቀላል ሥራ ነው፦ ከ150 ወርድ ጣቃ 75 ሴንቲሜትር ቁመት ሲቆረጥ ሁለት እኩል ካሬ፣ ካሬዎቹ በሰያፍ ሲቆረጡ አራት ስካርፍ። ረጅሙ ጠርዝ በሰያፍ ስለተቆረጠ ይሳባል፤ ሳይጎትቱ አጥፎ መስፋት ነው።

ሸማኔ ዘንድ ስንመጣ ነገሩ ደስ ይላል። በሽመና የሚወጣ ጥለት ከጠርዝ እስከ ጠርዝ አግድም ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ በመታጠቂያው ርዝመት ልክ የሚወርድ ምልክት ለሸማኔ አይመችም። አግዳሚ መስመር ግን የሙያው ልብ ነው። የደረጃ መስመሮቹን ከሸማኔ ማሠራት የምንለው ለዚህ ነው፦ 10 ሴንቲሜትር ርዝመትና 2 ሴንቲሜትር ወርድ ያለው ቀይ ጥለት። ሸማኔው ነጭ እያቋረጠ ቀዩን ደጋግሞ ይሠራል፤ በየመስመሩ መሐል 3 ሴንቲሜትር ነጭ ይተው፣ ለማጠፊያና ለመቁረጫ። ከአንድ ቁራጭ ለብዙ ዓመት የሚበቃ መስመር ይወጣል። አሜሪካኖቹ ደረጃ ሲያድግ የሚታጠቁት ሌላ መታጠቂያ ነው፤ እዚህ ያ ወጪ አያስፈልግም። ልጁ በፈተና ቀኑ የታጠቀው ነጭ ላይ፣ ከምልክቱ በላይና በታች አስቀድሞ በተተወ 4 ሴንቲሜትር ባዶ ቦታ፣ መስመሩ በእጅ ይሰፋል። መስፋቱ ራሱ የሥነ ሥርዓቱ አካል ቢሆን፣ የቀደመው አባል ለአዲሱ ቢሰፋለት፣ ከተከራየ ድምፅ ማጉያ ንግግር ይሻላል።

ሙሉ መታጠቂያውን ከሸማ ለማሠራት የሚያስቡ ይኖራሉ። በዓይን ሲያዩት እጅግ ያምራል። ሸማ ግን ሽመናው ልል ነው፤ በሰያፍ ሲንጠለጠል በክብደቱ ይወርዳል፣ ወርዱ ይጠባል፣ ጠርዙ ይጠቀለላል። ከስር የካኪ ገበር ካልገባለት አይሞከር። ገበር ከገባለት ደግሞ ወጪው እጥፍ ይሆናል፤ ለመሪዎች ብቻ ቢሆን እንጂ ለሁሉም አይመከርም።

ብዛቱንና ልኩን የምታዙበት ጊዜ ከአባልነቱ አሠራር ጋር የተያያዘ ነው። በአሜሪካኖቹ ደንብ እጩው ፈርስት ክላስ ከሚባለው የስካውት ደረጃ የደረሰ፣ ባለፉት ሁለት ዓመታት 15 ሌሊት ካምፕ ያደረ ሊሆን ይገባል፤ ከዚያ ውስጥ አንዱ ቢያንስ 5 ተከታታይ ሌሊት የፈጀ ይሁን ይላል። የሚመርጡት የቡድኑ ልጆች ናቸው፣ አብዛኞቹ ራሳቸው አባል ያልሆኑ፤ ድምፅ ከሰጡት ቢያንስ ግማሹ ሊደግፉት ይገባል። መሪ ወዶ የሚያስገባበት ነገር አይደለም፣ ጥሩነቱም እዚያ ላይ ነው። ታዲያ የተመረጡት ስም በይፋ እስከሚጠራበት ሥነ ሥርዓት ድረስ በምስጢር የሚጠበቅ ከሆነ፣ ከምርጫው በኋላ አምስት ልጆችን ብቻ ጠርቶ ትከሻ መለካት ምስጢሩን በሜትር ማወጅ ነው። የመላውን ክበብ ልክ ከምርጫው በፊት፣ ለዩኒፎርም ነው ብላችሁ፣ አንድ ላይ ውሰዱ። ሰፊው ዘንድ የሚሄደው የመጠን ብዛት ብቻ ይሁን፣ ስም አይጻፍ።

መታጠቂያው የሚውልበትን ሌሊትም አስቡ። በአሜሪካኖቹ የመጀመሪያ ደረጃ፣ በፈተናው፣ እጩው ዝም ይላል፣ ጥቂት ይበላል፣ ለካምፑ ይሠራል፣ በዋዜማው ለብቻው ያድራል። ዝምታውና ሥራው ለደሴ ልጅ አዲስ አይደለም። ምግቡን ስትቀንሱ ግን ሁለቱንም የጾም አቆጣጠር እዩ፤ ወሎ ውስጥ አንዱ እጩ ጾሞ ሌላው የሚበላበት ቀን ብዙ ነው፤ ሁሉም እኩል የሚሳተፍበት ቀን ይመረጥ። ለብቻ ማደሩ እንዳለ አይወሰድ። ከተማዋ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ያንቀጠቅጣል፣ ጅብም አለ። በግቢ ውስጥ፣ መሪ በሚያየው ርቀት፣ ከብርድ ልብስ ጋር ይበቃል። ኮምቦልቻ ዝቅ ያለች ስለሆነች ብርዱ ይቀላል። ወላጅ ሊያይ ከፈለገ ይይ፤ አሜሪካኖቹም ከወላጅ የሚደብቁት ሥነ ሥርዓት የለም።

እሳቱ በወይራ ይሁን። ቀስ ብሎ ይነዳል፣ ጭሱ ትንሽ ነው፣ ፍሙ ይቆያል። ጽድ ይንጣጣል፣ ፍንጣሪው ነጩን ጨርቅ ይበሳል። የባሕር ዛፍ ቅጠል ዘይት ስላለው ቦግ ብሎ ያስደነግጣል፤ ባሕር ዛፍ ባለበት ተዳፋት ላይ ጨርሶ እሳት አይነድም። እንጨቱ በ60 ሴንቲሜትር ካሬ ተደርድሮ ዝቅ ያለ ይሁን። ከፍ አድርጎ የቆመ እንደ ደመራ ያስመስለዋል፣ ያ ደግሞ የራሱ ቀንና ቦታ አለው። ከእሳቱ እስከ መጀመሪያው ረድፍ 3 ሜትር ይተው።

ሂጃብ ወይም ነጠላ የምትለብስ ልጅ ላይ መታጠቂያው ከትከሻ ይንሸራተታል፤ ይህን ማንም ሰፊ አስቀድሞ አያነሣውም። የዩኒፎርሙ ቀኝ ትከሻ ላይ በቁልፍ የሚዘጋ የ2 ሴንቲሜትር ማሰሪያ ይሰፋ፣ መታጠቂያው በሥሩ ይለፍ። ለሁሉም ቢደረግ ይሻላል፤ አንዷን ለይቶ አያሳይም።

ስለ ጊዜ፦ ነሐሴና መስከረም የተማሪ ዩኒፎርም፣ ሰኔ ምርቃት፣ ከዒድና ከፋሲካ በፊት ያለው ወር የበዓል ልብስ ነው። በእነዚህ መሐል የገባ ትእዛዝ ወይ ይዘገያል ወይ ሙያውን ገና ለሚማር ልጅ ይሰጣል፤ ማዕዘኑ የሚበላሸውም ያኔ ነው። ጥቅምት ላይ ማዘዝ፣ ኅዳር ላይ ሥነ ሥርዓቱን ማድረግ ይስማማል፤ ክረምቱም ወጥቷል። መጀመሪያ አንድ ብቻ ይሰፋ፣ ይታጠብ፣ በጥላ ይድረቅ፣ ይተኮስ፣ ይታጠቅ። ያ ናሙና ካለፈ የቀሪው ቀብድ ይከፈል። ናሙናው ሰፊው ዘንድ ሳይሆን እናንተ ዘንድ ይቀመጥ፤ ስትረከቡ እያንዳንዱን ከእሱ ጋር አስተያዩ፦ ወርዱ በሁለቱ ጫፎችና በመሐሉ 10 መሆኑን፣ የምልክቱ አቅጣጫ ወደ ቀኝ ትከሻ መሆኑን፣ የዳሌው ሹል ወደ ታች መሆኑን። ተገልብጦ የተሰፋ ምልክት ከ24ቱ ውስጥ አንድ ሁለት አይጠፋም፣ እሱም የሚገኘው ትከሻ ላይ ተደርጎ ሲታይ እንጂ ጠረጴዛ ላይ ተደርድሮ ሲቆጠር አይደለም። ቀሪውን ሂሳብ የምትከፍሉት ከዚያ በኋላ ነው።